ከሩቅ መጠበቅ ጐረቤትነት ይሆናልን?

ሰው ከቤቱ የሚያወጣው እድፍ ወዴት እንደሚሄድ አለመጠየቁ የቈየ ልማድ ነው። እህሉ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ውሃው ከየትኛው ምንጭ እንደ ተቀዳ ይመረምራል፤ ማሩም የሰቆጣ ነጭ ማር ነው ቢሉት እንዳልተደባለቀ እስኪረዳ ድረስ ከነጋዴው ጋር ይከራከራል። ነገር ግን ከበላና ከጠጣ፣ ገላውንና ልብሱን ካጠበ በኋላ የሚተርፈው ነገር አንዴ ከግቢው አጥር ካለፈ እንዳልነበረ ይቈጥረዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ግን ሕዝበ እስራኤል በሰፈር ሳሉ እያንዳንዱ ሰው መቈፈሪያ ይዞ ከሰፈር ውጭ እንዲወጣና ከእርሱ የወጣውን በአፈር እንዲሸፍን እንደ ታዘዘ እናነባለን። የዚያ ትእዛዝ ቁም ነገር ንጽሕናው ብቻ አይደለም፤ ሰው የራሱን እድፍ እስከ መጨረሻው እንዲከታተልና መቈፈሪያውንም በገዛ እጁ እንዲይዝ መደረጉ ነው።

በዘመናችን መቈፈሪያውን ከእጃችን የተቀበለው ቱቦ ነው። አሁን ደግሞ ቱቦውን ራሱን ከሩቅ ሆኖ የሚጠብቅና የሚያዝዝ መሣሪያ መጥቷል። ስለዚህ ሰው ከእድፉ ሁለት ጊዜ ርቋል ማለት ነው፤ መጀመሪያ በቱቦው ከማየት፣ ቀጥሎም በመሣሪያው በቦታው ተገኝቶ ከመጠበቅ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ኑሮዬም በመዝገብና በደብዳቤ መካከል የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ባላሰብሁት መንገድ እጄ ገብቶ ስለ ነበረ አንድ ጥያቄ በኅሊናዬ አስቀርቶብኛል። ጥያቄውም፣ ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ ሰውን ከጐረቤትነት ግዴታው ነጻ ያወጣዋልን? የሚል ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ መግለጽ ይገባል። በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ ወይም ፍሳሹን ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍተኛ ቦታ በሚገፋ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ፣ የፍሳሹን ከፍታ የሚለካ ነገር ይሰቀላል። አንዳንዱ በፍሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ፍሳሹ ሲሞላ አብሮ ከፍ ይልና የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ይነካል። ሌላው ከላይ ተሰቅሎ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውንም ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያሰላል። የተለካው ሁሉ በሬዲዮ ወይም በስልክ ሲም ካርድ ወደ አንድ ማዕከል ይተላለፋል። በማዕከሉ የተቀመጠው ሠራተኛ በስክሪን ላይ ይመለከተዋል፤ ካስፈለገም ከወንበሩ ሳይነሣ ፓምፑን ያስነሣል፣ ያቆማል፣ መዝጊያውን ይከፍታል። ባለሙያዎች ይህን ሥርዐት ስካዳ ይሉታል። በአሜሪካ ሳውዝ ቤንድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከመቶ በላይ መለኪያዎች በቱቦዎች ውስጥ ተተክለው፣ ዝናብ ሲመጣ ፍሳሹን ባዶ ቦታ ወዳለው ቱቦ እየመሩ፣ ቀድሞ ወደ ወንዝ ይለቀቅ የነበረውን እድፍ ከግማሽ በላይ ቀንሰውታል።

ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለ። በፍሳሽ ጕድጓድ ውስጥ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል አየር ይጠራቀማል። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቍላል ይሸታል፤ እየበዛ ሲሄድ ግን የማሽተት ኀይልን ያደነዝዛል። ስለዚህ ጕድጓድ ውስጥ የወረደው ሠራተኛ ሽታው ስለ ጠፋ አየሩ የጠራ ይመስለዋል፤ ሞትም በዚያው ይደርስበታል። አፍንጫ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከዳተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ መለኪያው ግን አይደነዝዝም። አንድን ሰው ወደዚያ ጕድጓድ ከመውረድ የሚያድን መሣሪያ ሁሉ የተባረከ ነው። እንግዲህ መሣሪያን የሚነቅፍ ጽሑፍ እንዳልጻፍሁ አንባቢ ይረዳልኝ። የምመረምረው መሣሪያውን ሳይሆን መሣሪያውን የያዘውን ሰው ነው፤ ያም ሰው እኔ ነበርሁ።

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መሬቱ ድንጋያማና ገደላማ ነው። ዝናቡ የጥቂት ሳምንታት እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ግን ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል፣ ያገኘውንም ሁሉ ይዞ ወደ ሸለቆ፣ ከሸለቆም ወደ ተከዜ ይሄዳል። እንደ ትልልቅ ከተሞች ፍሳሽ የሚሰበስብ የከተማ ቱቦ የለም፤ ያለው ጕድጓድ ነው። ጕድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይፈለጋል፤ መኪናው ካልተገኘ ሌላ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ይህም ካልተደረገ የተጠራቀመው ራሱ መንገዱን ይፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙ ሰው በሚያድርበት አንድ ግቢ በመዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ግቢው ከተዳፋት በላይ የተሠራ ነው፤ ከበታቹ ጥቂት ቤቶችና አንድ ምንጭ አሉ። አንድ ወጣት ባለሙያ በግቢው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ላይ አነስተኛ መሣሪያ ተከለ። ማጠራቀሚያው ከአምስት እጅ አራቱ ሲሞላ መሣሪያው ለአንድ ስልክ መልእክት ይልካል። ስልኩን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ፣ «አንተ ከወንበርህ አትነሣምና አንተ ያዘው» ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። ሁላችንም ሣቅን።

በነሐሴ ወር፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። አነበብሁት፤ ማጠራቀሚያው መሙላቱን የሚገልጽ አጭር ቃል ነው። ውጭ ይዘንባል። መኪና ለማስመጣት ደብዳቤ መጻፍ፣ ፊርማ ማስፈረም ያስፈልጋል፤ የሚፈርሙት ሰው ደግሞ ወጥተዋል። «ሰኞ ይታያል» ብዬ ስልኩን ወደ ኪሴ መለስሁት። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንደገና ሲጮኽ ድምፁን አጠፋሁት።

ሰኞ ደብዳቤውን ጻፍሁ። ማክሰኞ ጧት አንዲት እናት ወደ መዝገብ ቤቱ መጡ። ከበታች ካሉት ቤቶች የአንደኛው ባለቤት ናቸው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣና ነው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለና የተመረጠ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በበሩ ቆመው፣ «ልጄ፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሸተተን። ምንጩም ደፈረሰ። ባታውቁት ነው ብዬ ልነግራችሁ መጣሁ» አሉኝ። የልጃቸው ልጅ ካለፈው ቀን ጀምሮ ሆዱን እያስቀመጠው መሆኑንም ጨመሩልኝ። የመጡት ሊከሱን አልነበረም፤ ለጐረቤት የሚገባውን ወግ ሊያደርሱ ነበር።

«እሺ እናቴ፣ እናያለን» አልኋቸው። ሌላ አላልሁም። ስልኩ በኪሴ ነበር።

ሕፃኑ በጤና ኬላ ሕይወት አድን ቅመም ተሰጥቶት ዳነ። የታመመው ከዚያ ውሃ የተነሣ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት ማረጋገጥ የሚችል አልነበረም፤ እኔም ይህን እንደ መሸሸጊያ ለጥቂት ቀናት ያዝሁት። ነገር ግን ሌሊት የሚመለስብኝ የሕፃኑ ሕመም ብቻ አልነበረም፤ «ባታውቁት ነው» የሚለው የእናቲቱ ቃል ነበር። እርሳቸው በቸርነታቸው ያለ ማወቅን ምክንያት አድርገው ሰጡኝ። እኔ ግን ከዓርብ ጀምሮ ዐውቄ ነበር።

የነገሩ ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያው ከመተከሉ በፊት ማጠራቀሚያው ቢፈስ ኖሮ ማንም ሰው «አላወቅሁም» ለማለት ይችል ነበር፤ አነጋገሩም እውነት ይሆን ነበር። ያለ ማወቅ የደኸየ ነገር ቢሆንም ምክንያት ነው። መሣሪያው ሲመጣ ሁላችንም ኃላፊነታችን የቀለለ መሰለን። «አሁንማ መሣሪያ አለ» አልን። በእውነት ግን መሣሪያው የወሰደልን ሸክማችንን አልነበረም፤ ምክንያታችንን ነበር። ከሩቅ ማየት የቻለ ሰው ከቅርብ ሆኖ ካየ ሰው እኩል ተጠያቂ ነው፤ ዐይኑ የረዘመ ሰው እጁም ሊረዝም ይገባዋልና።

አገራችን ስለ ጅብና ስለ አህያ የምትተርከው ተረት አለ። አህያይቱ ከወንዙ በታች፣ ጅቡ ከወንዙ በላይ ሆነው ሲጠጡ ጅቡ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አህያይቱ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። ብዙ ጊዜ ይህን ተረት የምንናገረው ጕልበተኛን ለመንቀፍ ነው። እኔ ግን ከዚያ ነሐሴ በኋላ ሌላ ነገር ይታየኛል። ከላይ ያለው ጅብ መሆን ጥርስ አያስፈልገውም። ከላይ መኖርና ማመካኘት ብቻ ይበቃል። እኔም ዝናቡን፣ ፊርማውንና ሰኞን አመካኝቻለሁ።

ይህን ጕዳይ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባወራው እንዲህ ሲል ተከራከረኝ። «ጥፋቱ በመካከል ሰው መግባቱ ነው። መሣሪያው ራሱ መዝጊያውን የሚዘጋ፣ ፓምፑን የሚያስነሣ ቢሆን ኖሮ የአንተ ስንፍና ማንንም ባልጐዳ ነበር። ሰው ይሰንፋል፤ መሣሪያ አይሰንፍም።» አነጋገሩ ቀላል የማይባል ነው፤ በብዙ ቦታም ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይቀራሉ።

አንደኛው፣ ራሱን በራሱ የሚያዝዝ መሣሪያም ቢሆን ትእዛዙን የሰጠው ሰው ነው። የፍሳሽ ቱቦ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይ ወደ ሰዎች ቤት ተመልሶ ይወጣል፣ ወይ በመልቀቂያ በኩል ወደ ወንዝ ይፈስሳል። መሣሪያው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አስቀድሞ ይነገረዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ወንዙ ነው፤ የቤቱ ባለቤት አቤት ለማለት ይችላልና። ከወንዙ በታች ያለው ሰው ግን በምርጫው ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ስለዚህ መሣሪያው የሚፈጽመው ፍርድ የእኛ ፍርድ ነው፤ የሚለየው እኛ ተኝተን ሳለን በሌሊትም የሚፈጸም መሆኑ ነው።

ሁለተኛው፣ ከሩቅ የሚታዘዝ ነገር ለመልካሙም ለክፉውም እጅ እኩል ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ኵዊንስላንድ፣ ማሩቺ በሚባል አውራጃ፣ የፍሳሽ ፓምፖችን መቈጣጠሪያ በመትከል ሥራ ላይ የነበረ አንድ ሰው ከአስተዳደሩ ሥራ ጠይቆ ሲከለከል ቂም ያዘ። በመኪናው ውስጥ ኮምፒዩተርና ሬዲዮ ይዞ እየዞረ ፓምፖቹን በሐሰት ትእዛዝ አወካቸው። ወደ 800,000 ሊትር የሚጠጋ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ መናፈሻዎች፣ ወደ ወንዞችና ወደ አንድ ሆቴል ግቢ ፈሰሰ፤ በወንዙ ውስጥ የነበሩ ፍጥረታት ሞቱ፣ ውሃውም ጠቈረ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2001 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እርሱ ያደረገው በቂም ነው፤ እኔ ያደረግሁት በስንፍና ነው። ሁለታችንንም አንድ የሚያደርገን ነገር ግን አለ፤ የሠራነው ሥራ ለሁለታችንም አልሸተተንም።

ሽታ በዚህ ነገር ትልቅ መምህር እንደ ሆነ የለንደን ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው ኮሌራ ከአንድ የመንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ እንደ ተነሣ ካመለከተ በኋላ እንኳ የከተማው እድፍ ወደ ቴምዝ ወንዝ መውረዱ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ሽታው በወንዙ ዳር ባለው የፓርላማ አዳራሽ ውስጥ ገባ። መጋረጃዎችን በኖራ መድኀኒት ቢነክሩም አልሆነም። ሕጉም በ18 ቀን ወጣ፤ መሐንዲሱ ባዛልጌት ታላላቆቹን ቱቦዎች ሠራ። በሞት ብዛት ያልተነቃነቀ ምክር ቤት በአፍንጫው ተነቃነቀ ማለት ነው። ሆኖም ቱቦዎቹ እድፉን አላጠፉትም፤ ከከተማው በታች ወዳለው የወንዙ ክፍል ወሰዱት እንጂ። ከፓርላማው አፍንጫ ራቀ፤ ከታችኛው ጐረቤት አፍንጫ ግን አልራቀም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘነበለች ከተማ ናት። በዝቅተኛው በኩል ያለው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኵብ ለማጣራት እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ሆኖም ከከተማው ሕዝብ ብዙው ከቱቦ ጋር አልተገናኘም፤ ከላይ የተለቀቀውም በወንዞቹ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በወንዞቹ ዳር ጐመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ወደ ታች ሄደ ያልነው በቅርጫት ተመልሶ ይመጣል። የሰቆጣ ሸለቆዎችም ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ በተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በፈጠረው ሐይቅ የዋግ ወጣቶች ዓሣ ያሠግራሉ። «ታች» የሚባል የሌላ ሰው አገር የለም።

ከዚህ ሌላ ከሩቅ የሚያይ ዐይን አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፤ የሚያየው በተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። ቱቦ የሌለው መንደር መልእክት አይልክም። መልእክት ያልላከም ችግር እንደሌለበት ይቈጠራል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በዚህችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዐዋጅ አውጥቶ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ሕፃን የሚቀነጭረው እህል በማጣት ብቻ አይደለም፤ በቈሸሸ ውሃ ሆዱ ደጋግሞ ሲታመም የበላው ሁሉ ሳይጠቅመው ይቀራል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ለሌለው መንደር መሣሪያ ቀድሞ መትከል ሱሪ ባንገት ይሆናል። ጕድጓዱ፣ ቱቦውና ምንጩን መከለል ይቀድማሉ፤ መሣሪያው የእነዚህ አገልጋይ ነው።

መሣሪያው ደግሞ በሌላ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰቆጣ መብራትም ስልክም አጥታ ለረጅም ጊዜ ቈይታለች። በዚያን ጊዜ ስንት ሥርዐት ዝም እንዳለ እናስታውሳለን። ዝም ያላሉት ጐረቤቶች ናቸው። የሞላ ጕድጓድ የት እንዳለ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደፈረሰ፣ ሰው ለሰው በአፉ ይነግር ነበር። መሣሪያ ጐረቤትነትን ሊረዳ ይችላል፤ በጐረቤትነት ፈንታ ግን ሊቆም አይችልም።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ከሩቅ መጠበቅ ጐረቤትነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሆነውም ያወቀው ሰው ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ ተነሥቶ ከሄደ፣ መሄድ ካልቻለም ለሚጐዳው ሰው ካስታወቀ ብቻ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እኒያው እናት ናቸው። ከአንድ ወር በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ ወደ ቤታቸው ወርጄ እውነቱን ነገርኋቸው። መልእክቱ በዓርብ ቀን እንደ ደረሰኝ፣ ሦስት ቀን ዝም እንዳልሁ አልሸሸግሁም። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ መኪና ማምጣት የአንተ አቅም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ግን ብትነግረን ምን ነበረበት? ሦስት ቀን ከወዲያኛው ምንጭ እንቀዳ ነበር» አሉኝ።

በዚህ ቃል ፊት የምመልሰው አልነበረኝም። መኪናው፣ ደብዳቤው፣ ፊርማው፣ ሁሉም ከእኔ አቅም በላይ ነበሩ ብል ይታመንልኛል። አንድ ቃል ወደ ታች መላክ ግን ከአቅሜ በላይ አልነበረም። መሣሪያውን ስንተክል ማን ሊያውቅ እንደሚገባው ስንነጋገር ስለ ባለሥልጣኑ፣ ስለ ባለሙያውና ስለ መዝገብ ቤቱ አሰብን። ውሃውን ስለሚጠጡት ግን ማናችንም አላሰብንም።

ወጣቱን ባለሙያ ፈልጌ አንድ ጥያቄ አቀረብሁለት፤ መሣሪያው ከአንድ በላይ ለሆኑ ስልኮች መልእክት ለመላክ ይችል እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ከመጀመሪያውም ይችል ነበር፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው» አለኝ። የሥራው ጊዜ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አሁን ማጠራቀሚያው ሲሞላ ሁለት ስልኮች ይጮኻሉ፤ አንዱ በግቢው ውስጥ፣ ሁለተኛው ከተዳፋቱ በታች ባለው ቤት። እኒያ እናት ፊደል ስላልቈጠሩ መልእክቱን የሚያነብላቸው ያ ታምሞ የነበረው ሕፃን ታላቅ ወንድም ነው። እኔም በሥራ ላይ በቈየሁበት ጊዜ ሁሉ ስልኩ ሲጮኽ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ታች እወርድ ነበር፤ ምንጩ ዘንድ ስደርስም ብዙ ጊዜ እርሳቸው ቀድመውኝ ቆመው አገኛቸው ነበር።